«ደለል» ወይስ «ዝቃጭ»? ስለ ውቅያኖስ ምርምር ጉዞ ቃላት

የውቅያኖስ ጥናት መጻሕፍትን ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው «ቻሌንጀር» የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ ነው። ይህች መርከብ እ.ኤ.አ. በ1872 ማለቂያ ከአገሯ ተነሥታ በ1876 እስክትመለስ ወደ 127,000 ኪሎ ሜትር ተጉዛለች። በዋይቪል ቶምሰን መሪነት የተሳፈሩት ሊቃውንት ያገኙት ውጤትም በ50 ጥራዝ ታትሟል። ተርጓሚውን የሚያስቸግሩት ብዙዎቹ ስያሜዎች ከእነዚህ ጥራዞች የወጡ ናቸው።

እንዲህ ያለውን ጉዞ «ዘመቻ» የሚሉ አሉ። ቃሉ ከጦር ሜዳ አልፎ ለመሠረተ ትምህርት እንኳ ያገለገለ በመሆኑ ስሕተት ነው አንልም፤ እኛ ግን «የምርምር ጉዞ»ን እንመርጣለን። «ጣቢያ» የሚለው ይበልጥ ያሳስታል። መርከቢቱ በ362 ስፍራዎች እየቆመች ገመድ ጥላ ጥልቀቱንና የውሃውን ሙቀት ለክታለች፤ በአንዱም ስፍራ ያቆመችው ነገር የለም። «362 ጣቢያዎች» ብሎ የሚያነብ ግን ያን ያህል ቤት በባሕር ላይ የተሠራ ይመስለዋል። «የልኬት ስፍራ» ማለት ይበቃል።

ዋናው ችግር ከጥልቁ ወለል ተዝቆ ለወጣው ልም ጭቃ የሚሰጠው ስም ነው። ብዙ ጊዜ «ደለል» ተብሎ ሲተረጐም እናያለን። ደለል ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ወንዝ ጠርጎ ያመጣው አፈር ነው፤ ዓባይን የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም። የጥልቁ ጭቃ በአብዛኛው ወንዝ ያመጣው አይደለም። «ግሎቢጄሪና» የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ዛጎል ክምችት ነው። ፍጥረታቱ የሚኖሩት ከታች ከወለሉ ላይ ነው ወይስ ከላይ? ይህ ጥያቄ ሊቃውንቱን ሲያከራክር ነበር። ቶምሰን ራሱ ከወለሉ ይኖራሉ የሚል እምነት ነበረው። በጉዞው ላይ ጆን ሙሬይ ከባሕሩ ፊት አጠገብ በመረብ በሕይወት እያጠመደ ዛጎሉ ከላይ የሚወርድ መሆኑን አሳየ፤ ቶምሰንም ሐሳቡን ለወጠ። እንግዲህ «ደለል» ያለ ተርጓሚ ከጉዞው ዐበይት ግኝቶች አንዱን በአንድ ቃል ሰረዘው ማለት ነው።

ከመካከላችን «አተላ» ይባል ያለም ነበር። ከጋን ሥር የሚቀመጥ በመሆኑ ሥዕሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚጣል ነገርን ስለሚያሳስብ አልተቀበልነውም። «ዘቀጠ» በፈሳሽ ውስጥ ወደ ታች ወርዶ መቀመጥን ስለሚያመለክት፣ «የዛጎል ዝቃጭ» የሚለው ከነገሩ ጋር ይስማማል። እርግጥ «ዝቅጠት» ለምግባር ብልሹነት ከዋለ ቆይቷል፤ በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ግን ዐውዱ ይለየዋል። «ደለል» ወንዞች ከየብስ ላመጡት፣ ከባሕር ዳር አቅራቢያ ለሚገኘው ይቆይ።

እጅግ በጠለቀው ስፍራ ዛጎሉ ስለሚሟሟ የሚገኘው ቀይ አፈር ብቻ ነው። ይህን «ቀይ ሸክላ» ብሎ መተው ገንቦና ምጣድን ስለሚያስታውስ፣ «ቀይ የሸክላ አፈር» ቢባል ይሻላል እንላለን።