የአሮጌ ኮምፒውተር ዕድሜ ማራዘሚያ

ደባርቅን በመሰለ ከተማ ማመልከቻ የሚጻፍበትና መታወቂያ ኮፒ የሚደረግበት ቤት ብትገቡ፣ ጠረጴዛ ሥር ያለው ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ጠገብ ነው። ባለቤቱ ያልቀየረው አዲስ ጠልቶ አይደለም። ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ነው፤ አንድ ነገር ሲበላሽም የተበላሸውን ብቻ መተካት ይቻላል። ይህን ካስቻሉት ዕቃዎች አንዱ የማስፋፊያ ካርድ ነው።

የኮምፒውተሩ ክዳን ሲከፈት ማዘርቦርዱ ላይ የተደረደሩ ረጃጅም መሰኪያዎች ይታያሉ፤ ስሎት ይባላሉ። የካርዱ የታችኛው ጠርዝ ወርቅማ ጥርሶች አሉት። እነዚህ ስሎቱ ውስጥ ገብተው ሲጠብቁ ኃይልም መረጃም ይተላለፋል። ቪጂኤ ካርድ፣ ሳውንድ ካርድ፣ ላን ካርድ ሁሉም የሚሰኩት በዚህ መንገድ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም አምስት ስሎት ያለውን ፒሲ አውጥቶ የአሠራሩን ዝርዝር ስላሳተመ፣ ሌሎች ኩባንያዎችም ካርድ እየሠሩ መሸጥ ቻሉ። በ1992 ፒሲአይ የተባለው የስሎት ዓይነት፣ በ2003 ደግሞ ፒሲአይ ኤክስፕረስ መጣ። በተለመደው ፒሲአይ ካርዶቹ በሰከንድ 133 ሜጋባይት የሚያሳልፍ አንድ መስመር ይጋራሉ፤ በኤክስፕረስ ግን እያንዳንዱ ካርድ የራሱ መስመር አለው። የሁለቱ ስሎት ስለማይገጥም ካርድ ከመግዛት በፊት ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይበጃል።

የካርድ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ክረምት ላይ ነው። መብረቅ በገመድ ገብቶ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራውን የኔትወርክ ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። ሌላው ከተረፈ አንድ ላን ካርድ ሰክቶ ሥራ መቀጠል ነው። አዲስ ማዘርቦርድ የድሮ ፕሪንተር መሰኪያ ሳይኖረው ሲቀርም መፍትሔው ካርድ ነው።

ካርዱ ራሱ እንቢ ካለ ቶሎ ተስፋ አይቆረጥም። ባለሙያው የኃይል ገመዱን ይነቅላል፤ የሳጥኑን ብረት ነክቶ ካርዱን ያወጣል፤ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጎ ያሻል። እድፉ ለቆ፣ ብናኙ በደረቅ ብሩሽ ተጠርጎ፣ ካርዱ ጠበቅ ተደርጎ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ወርቁ ስስ ስለሆነ ግን ይህን ማዘውተር አይገባም።

ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጣ አየሩ ራሱ ጉዳይ ይሆናል። በሃርድ ዲስክ ውስጥ የምታነበው ጫፍ የምትንሳፈፈው በሚሽከረከረው ሳህን ላይ ባለ ስስ አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ጫፏ ወደ ሳህኑ ትቀርባለች፤ ከነካችው መረጃው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ከወሰኑ በታች ናት። በተራሮቹ ላይ ያለው የጊች ካምፕ ግን 3,600 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ የሚሠራ ኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ አካል የሌለውን ኤስኤስዲ ቢይዝ ይመረጣል፤ ማሽኑ ኤስኤስዲው የሚገናኝበት የሳታ መሰኪያ ከሌለው ደግሞ በፒሲአይ ስሎት የሚገባ የሳታ ካርድ አለ። የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ስለሚቀንስ አቧራን ቶሎ ቶሎ ማራገፍ ያስፈልጋል።

ካርድ ሁሉን አያድንም። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ካበጡ፣ ወይም ለአዲሱ ዊንዶውስ የካርዱ ድራይቨር ከሌለ ገደቡ ደርሷል። ያኔም ቢሆን ሳጥኑ እንዳለ አይጣል። የሚሠሩት ካርዶች ይውጡ፣ ስማቸው ይጻፍባቸው፣ ከነድራይቨራቸው ይቀመጡ። አንዱ ቤት ያወለቀው ላን ካርድ የጎረቤቱን ኮምፒውተር ወደ ሥራ ሊመልስ ይችላል።