የታተመ ፓተርን ልክ መሆኑን ማረጋገጥ

ዲጂታል ፓተርን በኮምፒውተር ተስሎ በፒዲኤፍ ፋይል የሚቀመጥ የልብስ ቅድ ነው። ገዢው ራሱ ያትመዋል፤ ገጾቹን አገጣጥሞና ቆርጦ ጨርቅ ላይ ያነጥፈዋል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ሥዕል እውነተኛ መጠኑን ይዞ ይቀመጣል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የተሳለ እጅጌ በትክክል ከታተመ ወረቀቱ ላይም 60 ይወጣል። ሲታተም ግን በአንድ የተሳሳተ ምርጫ ምክንያት ሥዕሉ በጥቂት በመቶ ሊያንስ ይችላል። ይህን ዓይን አይለየውም፤ የሚለየው ማስመሪያ ብቻ ነው።

የወረቀት ፓተርን ራሱ ከ150 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በልዩ ልዩ ቁጥር የተዘጋጁ ፓተርኖችን እ.ኤ.አ. በ1863 ለገበያ ያቀረበው ኤቤኔዘር በተሪክ የተባለ አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ ነው። ፓተርኑ ከአምራቹ ተዘጋጅቶ ይመጣ ስለነበር የልኩ ኃላፊነት የአምራቹ ነበር። ፒዲኤፍ እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣ በኋላ ግን ኃላፊነቱ ቀስ በቀስ ወደ ገዢው ዞሯል፤ ቤቱ ማተሚያ ለሌለው ሰው ደግሞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት።

ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደብረ ወርቅ፣ እንደ ሌሎቹ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች፣ ልብስ ሰፊ በልማድ ልኩን የሚወስደው ከደንበኛው ገላ ላይ ነው። ደረቱን፣ ወገቡን፣ ትከሻውን በሜትር ለክቶ ቁጥሩን ደብተር ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሰምራል። በዚህ አሠራር ውስጥ ማተሚያ ስለማይገባ የማተሚያ ስህተትም አይገባም። ፓተርኑ በስልክ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጨርቁን ብዙ ጊዜ ገዝቶ የሚያመጣው ደንበኛው ስለሆነ ቅዱ ከተበላሸ የሚከሰረው የወረቀት ዋጋ ብቻ አይደለም።

ጥቂት በመቶ ምን ያህል እንደሚጎዳ በአንድ ሸሚዝ ማየት ይቻላል። ደረቷ 92 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሴት የተሳለ ሸሚዝ ለመንቀሳቀሻ 8 ቢጨመርበት ዙሪያው 100 ይሆናል። ፓተርኑ 96 በመቶ ሆኖ ሲታተም ዙሪያው 96 ይቀራል፤ ይህም ማለት ለመንቀሳቀሻ ከተተወው ግማሹ ጠፍቷል። 60 የነበረው እጅጌ 57.6፣ 40 የነበረው የጀርባ ቁመት 38.4 ይሆናል። ይህን «አንድ ቁጥር ያነሰ ልብስ» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። ቁጥር በወጉ ሲቀነስ ሰሪው ዙሪያውን ብዙ፣ ቁመቱን ጥቂት ይቀንሳል፤ ማተሚያው ግን ሁሉንም እኩል ያሳንሳል። ያለ ቁልፍ በጭንቅላት በሚጠለቅ የልጅ ልብስ ላይ ጉዳቱ በግልጽ ይታያል፦ 54 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው አንገት ወደ 51.8 ከወረደ ጭንቅላቱ 52 የሆነ ልጅ አያጠልቀውም።

ዋናው የስህተቱ መነሻ የማተሚያ ጠርዝ ነው። አብዛኛው ማተሚያ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ማተም አይችልም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ምንም እንዳይቆረጥ ብሎ ገጹን በሙሉ ያሳንሰዋል፤ ይህም «ፊት ቱ ፔጅ» የሚባለው ምርጫ ነው። ለደብዳቤና ለማመልከቻ ደግ ነገር ነው፤ ለፓተርን ግን ጥፋት ነው። 210 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ኤ4 ወረቀት ላይ በግራና በቀኝ 4.2 ሚሊ ሜትር ቢተው ሥዕሉ 96 በመቶ ይሆናል። በወጉ የተዘጋጀ ፓተርን ራሱ በዙሪያው ባዶ ቦታ ስለሚተው፣ «አክቹዋል ሳይዝ» ወይም 100 በመቶ ተመርጦ ቢታተም የሚጎድለው መስመር አይኖርም።

ሁለተኛው መነሻ የወረቀቱ ዓይነት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራበት ኤ4 ሲሆን አሜሪካና ካናዳ የሚጠቀሙበት ሌተር ግን 215.9 በ279.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከኤ4 ይሰፋል፣ በቁመት ያንሳል። ለሌተር የተዘጋጀ ገጽ በኤ4 እንዲበቃ ከተደረገ ወደ 97 በመቶ ይወርዳል። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ለኤ4 የተዘጋጀውን እዚያው በሌተር አትሞ ቢልክ ደግሞ ወደ 94 በመቶ ሊወርድ ይችላል። ወረቀቱን ከመላክ ፋይሉን መላክ ይሻላል፤ እሱም በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መሆን አለበት። ፎቶ ወይም ስክሪን ሾት ከሆነ ሥዕሉ እንጂ መጠኑ አይደርስም፤ ከዚያ በኋላ 100 በመቶ ብሎ ማተምም ትርጉም አይኖረውም።

ለማረጋገጫ ሲባል በብዙ ፓተርን ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ገጽ፣ የመፈተሻ ካሬ ይሳላል። በቅድሚያ መታተም ያለበት ያ ገጽ ብቻ ነው፤ ሠላሳውን ገጽ ከነስህተቱ ካወጡ በኋላ መለካት ገንዘብ ማባከን ነው። ካሬው በጠንካራ ማስመሪያ ይለካል። የማስመሪያው ጫፍ ብዙ ጊዜ የተበላ ስለሆነ ከ1 ሳንቲ ሜትር ምልክት ጀምሮ ቆጥሮ በኋላ 1 መቀነስ ይሻላል። ወርዱም ቁመቱም ይለካሉ፤ ወረቀቱን የሚስበው የማሽኑ ጎማ ሲያረጅ ወርዱ ልክ ሆኖ ቁመቱ ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል። ከጥግ ወደ ጥግም ቢለካ መልካም ነው። የ10 ሳንቲ ሜትር ካሬ ሰያፉ በሁለቱም በኩል 14.1 ይሆናል፤ ሁለቱ ከተለያዩ ገጹ ተንጋድዶ ወጥቷል ማለት ነው።

ካሬው በኢንች የተሳለ እንደሆነ ጥንቃቄ ይጠይቃል። 4 ኢንች 10.16 ሳንቲ ሜትር እንጂ 10 አይደለም። ይህን ያላስተዋለ ሰው ልክ የሆነውን «ተሳስቷል» ብሎ በማሳነስ ደህናውን ፓተርን ያበላሻል። የ1 ኢንች ካሬ ብቻ ያለበት ፓተርን ደግሞ አስተማማኝ መፈተሻ የለውም፤ በእሱ ላይ የ1 በመቶ ስህተት ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ አይታይም። እንዲህ ሲሆን በፓተርኑ መግለጫ ላይ ቁጥሩ የተጻፈ ረጅም መስመር ተፈልጎ መለካት አለበት።

መለኪያውም ራሱ ይፈተሻል። ለዓመታት የተጎተተ የልብስ ሰፊ ሜትር ይለጠጣል። አምስት ኤ4 ወረቀቶች በቁመታቸው ጫፍ ለጫፍ ሲደረደሩ 148.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ሜትሩ ከዚህ የተለየ ካነበበ መቀየር አለበት። ለአጭር ማስመሪያ የባንክ ኤቲኤም ካርድ ይበቃል፤ ርዝመቱ 85.6፣ ወርዱ 54 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

10 መሆን የሚገባው ካሬ 9.6 ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው የማተሚያው ምርጫ ነው፤ ፋይሉ የተከፈተበት ፕሮግራምም ማሽኑም የየራሳቸው የመጠን ምርጫ ስላላቸው ሁለቱም 100 መሆን አለባቸው። ሁሉም 100 ሆኖ ካሬው 9.8 ቢወጣ ግን ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ያኔ 10 ለ9.8 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የሚገኘው 102 በመጠኑ ቦታ ይጻፋል፤ ከዚያ ያው ገጽ እንደገና ታትሞ ይለካል። ይህ የሚሠራው ወርዱና ቁመቱ እኩል ሲያንሱ ነው፤ አንዱ ብቻ ከተሳሳተ ሌላ ማሽን መፈለግ ይሻላል። በ10 ሳንቲ ሜትር ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ለብዙ ልብስ ይታለፋል፤ 1 ሚሊ ሜትር ግን በ100 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ 1 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ለጠባብ ልብስ አይታለፍም።

ካሬው ልክ ሆኖም ገጾቹ ሲገጣጠሙ ሌላ ስህተት ሊገባ ይችላል። በስድስት መጋጠሚያ ላይ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ቢደራረብ 6 ሚሊ ሜትር ይጠፋል። ስለዚህ በፕላስተር ከተያያዘ በኋላ የጀርባው ቁመት ወይም የእጅጌው ርዝመት ተለክቶ ከፓተርኑ የመጠን ሠንጠረዥ ጋር ይተያያል። ለሌላ ሰው ማካፈል ሲያስፈልግም ከፋይሉ ማተም እንጂ ከታተመው ፎቶ ኮፒ ማንሳት አይመከርም፤ ኮፒው በየጊዜው 1 በመቶ ቢጨምር የኮፒ ኮፒ ሲነሣ ሦስተኛው ላይ 3 በመቶ ይደርሳል። በባነር ማተሚያ ላይ በአንድ ትልቅ ኤ0 ወረቀት የሚወጣ ፓተርን መገጣጠም ባያስፈልገውም ካሬው መለካቱ አይቀርለትም።

ማሽኑ፣ ፕሮግራሙ ወይም የሚያትመው ሰው በተቀየረ ቁጥር ካሬው እንደገና ይለካ፤ አምና በዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ልክ መውጣቱ ለዘንድሮው ዋስትና አይሆንም።