ኮምፒዩተር ሲነሣ ማቋረጥ

«አስተማሪ፣ ኮምፒዩተሩ ተበላሸ፤ ነጭ ገጽ ላይ ኦኬ ብሎ ቀረ» ያለን አንድ ተማሪ ነበር። መሣሪያው ተበላሽቷል ተብሎ በቁም ሣጥን ተቆልፎበት ከረመ። ነገር ግን አንዳችም ብልሽት አልነበረበትም። ልጁ ሳያስበው አንድ ቁልፍ በመጫኑ የመሣሪያውን አነሣሥ አቋርጦት ኖሯል። ይህ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» በተባለው ዕቅድ፣ ኤክስኦ የሚባሉ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች በሺህ እየተቆጠሩ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታድለው ነበር። ነገራችንን በእነዚሁ ብናስረዳ ይቀላል፤ የልጁም መሣሪያ ከእነሱ አንዱ ነበር።

ኮምፒዩተር ሲጠፋ ዋናው ሜሞሪ ባዶ ይሆናል። ስለሆነም ኃይል እንደገባለት የመጀመሪያውን ሥራ የሚነግረው፣ ኃይል ቢቋረጥም የማይረሳ ነገር ያስፈልገዋል። በኤክስኦ ይህ ነገር 1 ሜጋባይት ብቻ የሚይዝ ቺፕ ሲሆን፣ በውስጡ የተጻፈው ፕሮግራም ኦፕን ፈርምዌር ይባላል። ሚች ብራድሌይ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ቀደም ሲል በሰን ኩባንያ የጀመረው ሥራ ነው። ፕሮግራሙ ሜሞሪውንና ስክሪኑን ካሰናዳ በኋላ ዋናውን የአሠራር ሥርዓት ከዩኤስቢ፣ ከኤስዲ ካርድ፣ ከዚያም በውስጥ ካለው ማከማቻ ይፈልጋል። ሲያገኘው ሥራውን ለእሱ ያስረክባል።

ከማስረከቡ በፊት ግን የመነሻ ድምፅ አሰምቶ ጥቂት ሴኮንድ ወደ ታች ይቆጥራል። በዚህ ጊዜ በስተግራ ከላይ ያለው ኤስኬፕ ቁልፍ ከተጫነ ፍለጋው ይቆማል፤ ኦኬ የሚለውም ይወጣል። ትርጉሙ «እዘዙኝ» ማለት ነው። በላቲን ፊደል ቢ-ኦ-ኦ-ቲ ብለን ጽፈን የማስገቢያውን ቁልፍ ብንጫን ካቆመበት ይቀጥላል። የሣጥኑም መሣሪያ የጠየቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ለአስተማሪ ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ኦኬ ከታየ ቺፑ፣ ፕሮሰሰሩና ስክሪኑ ደኅና ናቸው ማለት ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱ ከማከማቻው ወይም ከአሠራር ሥርዓቱ ይፈለጋል። ድምፅም ብርሃንም ከሌለ አስቀድሞ ባትሪውንና ገመዱን ማየት ይገባል። ማቋረጡ በራሱ ጉዳት የለውም። የማያውቁትን ትእዛዝ መጻፍ ግን አደጋ ነው፤ ማከማቻውን በሙሉ የሚደመስሱ አሉና። በሌብነት ምክንያት የተቆለፉ መሣሪያዎች ደግሞ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጣቸው ይህን በር አይከፍቱም። እንደኛ አስተያየት ቁልፉ ሌባውን ብቻ ሳይሆን ለማወቅ የሚጓጓውንም ልጅ ከደጅ አስቀርቷል።

ኦኬ ላይ ሒሳብም ይሠራል። ቁጥሮቹ ይቀድማሉ፣ የመደመር ምልክቱ ይከተላል፣ በመጨረሻ ነጥብ ይደረጋል፤ በየመካከሉ ክፍት ቦታ ይተዋል። 2 እና 3 ሲደመሩ 5 ይላል። 7 እና 8 ሲደመሩ ግን ኤፍ የተባለውን የላቲን ፊደል፣ 9 እና 7 ሲደመሩ ደግሞ 10 ያሳያል። ምክንያቱን ተማሪዎች በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይፈልጉት።