ጠፍ የሆነው የአትክልት ሥፍራ እንዴት ታደሰ?

«አደሰ» የሚለው ግስ «አዲስ» ከሚለው ቅጽል ጋር አንድ ሥር አለው። ስለዚህ ብዙ ሰው ማደስ ማለት አሮጌውን አስወግዶ በምትኩ አዲስ ነገር መሥራት ይመስለዋል። ሆኖም የፈረሰ ግንብ ወይም ጠፍ የሆነ የአትክልት ሥፍራ ታደሰ ሲባል፣ ቀድሞ የነበረው ነገር መልኩንና አገልግሎቱን መልሶ አገኘ ማለት እንጂ ሌላ ነገር ተተካ ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት በሚገባ ትረዱት ዘንድ በእንግሊዝ አገር የሚገኝ የአንድ ሰፊ ርስት ታሪክ ከዚህ በታች ቀርቦላችኋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርስቱ ሔሊገን ይባላል። የሚገኘውም በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል በተባለው ክፍለ አገር፣ ሜቫጊሲ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አጠገብ ነው። ትሬሜይን የተባለ ባላባት ቤተሰብ ከ400 ዓመታት በላይ በባለቤትነት ይዞት ኖሯል። በዚህ ረጅም ዘመን ውስጥ በመኖሪያ ቤቱ ዙሪያ የአበባ መደቦች፣ በግንብ የታጠሩ የጓሮ አትክልት ቦታዎች፣ የወይንና የፍራፍሬ ማብቀያ የመስታወት ቤቶች ተሠሩ። ባሕሩ የክረምቱን ብርድ ስለሚያለዝበው፣ በሸለቆው ውስጥ ቀርከሃና ዘንባባን የመሳሰሉ ከሩቅ አገር የመጡ ተክሎች ጭምር ይበቅሉ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ይህን ሁሉ የሚንከባከቡት 22 አትክልተኞች ነበሩ።

በ1914 ጦርነቱ ተጀመረ። አትክልተኞቹም አካፋቸውንና መኮትኮቻቸውን አስቀምጠው ወደ ጦር ሜዳ ዘመቱ። ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። በ1916 ሥፍራውን የሚንከባከቡት ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ የርስቱ ጌታ ቤቱን አከራይቶ ወደ ኢጣሊያ ሄዶ ኖረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ የአሜሪካ ጦር ቤቱን ተጠቀመበት። በ1970ዎቹ መኖሪያ ቤቱ ተከፋፍሎ ለልዩ ልዩ ሰዎች ተሸጠ፤ የአትክልቱን ሥፍራ ግን የሚያስታውሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን ሥፍራ እሳት አላቃጠለውም፤ ጠላትም አላፈረሰውም። ያጠፋው የሰው እጅ መለየቱ ነው። የግንብ ቤት ሰው ሳይኖርበት ለብዙ ዘመን ሊቆም ይችላል። የአትክልት ሥፍራ ግን የሚያርመው፣ የሚገርዘውና የሚያጠጣው ሰው ካጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዱር ይሆናል። በሔሊገንም እሾሃማው ቁጥቋጦ ከሰው ቁመት በላይ አደገ። ሐረግ በግንቡ ላይ ተጠመጠመ። የመስታወት ቤቶቹ ጣሪያ ረገፈ፤ መንገዶቹም በአፈርና በቅጠል ተሸፍነው ከዓይን ተሰወሩ።

በ1990 ርስቱን ከወረሱት ዘመዶች አንዱ የሆነው ጆን ዊሊስ፣ ቲም ስሚት የተባለ ሰው ወደዚህ ዱር ይዞ ገባ። ስሚት ሙዚቃ በማሳተም የሚተዳደር ሰው ሲሆን፣ ቀደም ሲል የጥንት ቅርስ ጥናት ትምህርት ተምሯል። ቁጥቋጦውን በገጀራ እየቆረጡ ወደ ውስጥ ዘለቁ። ከዚያም ጆን ኔልሰን የተባለ ግንበኛ የሥራው ተባባሪ ሆነ።

ከፍርስራሹ መካከል ካገኟቸው ነገሮች ሁሉ ልባቸውን የነካው ወርቅ ወይም ሐውልት አልነበረም። በግንብ ከታጠሩት የአትክልት ቦታዎች በአንደኛው ጥግ የነበረች፣ የሠራተኞቹ መጸዳጃ የሆነች ጠባብ ክፍል ነበረች። በግድግዳዋ ላይ አትክልተኞቹ በነሐሴ ወር 1914 ስማቸውን በእርሳስ ጽፈው ነበር። እርሳስ በቀላሉ የሚጠፋ ጽሕፈት ነው። ያም ሆኖ የጌቶቹ የአበባ መደብ ጠፍቶ ሳለ የሠራተኞቹ ስም ከሰባ አምስት ዓመታት በላይ ቆይቶ ተገኘ። በዚህም ምክንያት አዳሾቹ የሥራቸውን ዓላማ ወሰኑ። የሚተርኩት የባላባቶቹን ክብር ሳይሆን፣ ሥፍራውን በእጃቸው ያለሙትን ሰዎች ሕይወት እንዲሆን ፈለጉ። በ2013 የእንግሊዝ የጦርነት ቤተ መዘክር ይህችን ክፍል የአትክልተኞቹ ሕያው መታሰቢያ አድርጎ እውቅና ሰጥቷታል።

አሁን ደግሞ ሥራው በምን ዓይነት ቅደም ተከተል እንደሚከናወን እንመልከት። በመጀመሪያ የሚመጣው ማጥናት ነው። ቁጥቋጦውን በጭፍን የሚመነጥር ሰው ከአረሙ ጋር የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለውን ዛፍ ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ እየጠረጉ መመርመር፣ የተገኘውን መመዝገብ፣ መንገዱ ወዴት ያመራ እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ግንቡን፣ የውሃውን ቦይና የመስታወት ቤቶቹን መጠገን ይመጣል። በመጨረሻም መትከልና መዝራት ይከተላል። በሔሊገን የሚዘሩት የጓሮ አትክልቶች በአብዛኛው በቀድሞዎቹ አትክልተኞች ዘመን የታወቁ ዝርያዎች ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዕውቀትን መመለስ ነው። ለዚህ የአናናሱ ጉድጓድ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አናናስ የሞቃት አገር ፍሬ ስለሆነ በእንግሊዝ ብርድ በሜዳ ላይ አይበቅልም። የቀድሞዎቹ አትክልተኞች ግን መላ አግኝተውለት ነበር። በመስታወት የተከደነ ጉድጓድ ቆፍረው ተክሉን በመካከል ያኖሩታል፤ በግራና በቀኝ ባሉት ቦዮች ደግሞ ትኩስ የፈረስ ፋንድያ ይሞላሉ። ፋንድያው ሲብላላ ሙቀት ያወጣል። ሙቀቱም በጡቡ ግድግዳ ቀዳዳዎች አልፎ ተክሉን ያሞቀዋል። ፋንድያው መብላላቱን ሲጨርስ ሙቀቱ ስለሚቀንስ በየጊዜው መለወጥ አለበት። ጡቡን መጠገን ለግንበኛ ቀላል ነው። ፋንድያው መቼ እንደሚለወጥ፣ መስታወቱ መቼ እንደሚከፈት ማወቅ ግን ከአትክልተኞቹ ጋር አብሮ የተቀበረ ሙያ ነበር። አዳሾቹ ይህን ሙያ ደጋግመው በመሞከር እንደገና ተማሩት፤ ጉድጓዱም ዳግመኛ አናናስ አፈራ።

የአትክልቱ ሥፍራ በ1992 ለሕዝብ ተከፈተ። ለአንድ ቤተሰብ ደስታ የተሠራው ግቢ ማንኛውም ሰው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ የሚዝናናበትና የሚማርበት ሥፍራ ሆነ። ከጎብኚዎች የሚገኘውም ገቢ ለአትክልተኞች ደመወዝና ለጥገና ይውላል።

«የባላባት ግቢ ማደስ ለሕዝብ ምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቅ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም የሚገኘው በዚያች ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። ግንቡን የገነቡት፣ ዛፉን የተከሉት፣ ፋንድያውን የተሸከሙት ሠራተኞች ናቸው። ሥፍራው እንደ ጠፋ ቢቀር የሚጠፋው የጌታው ስም ብቻ ሳይሆን የእነርሱም ድካም ነው። ደግሞም አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። አንድ ቤተሰብ ሊሸከመው ያልቻለውን ርስት ብዙዎች ሲካፈሉት ጌጥ ሆኗል።

እንግዲህ ማደስ ማለት ድንጋይን በድንጋይ ላይ መልሶ ማቆም ብቻ አለመሆኑን ተረድታችኋል። ሥራውን፣ ሙያውንና የሠሪዎቹን ስም መመለስ ጭምር ነው። በአካባቢያችሁ ጠፍ ሆኖ የቀረ የአትክልት ቦታ፣ የተደፈነ የውሃ ጉድጓድ ወይም የፈረሰ አሮጌ ግቢ ይኖር ይሆናል። ወደዚያ ሄዳችሁ አስተውሉ። ማን ሠራው? ለምን ተተወ? ሥራውን የሚያስታውስ ሽማግሌ ወይም ባልቴት በሕይወት አሉ? ካሉ ሳትዘገዩ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም በቅደም ተከተል ጻፉ። የፈረሰ ግንብ ጠጋኙን ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል፤ የሰው ትዝታ ግን አይጠብቅም።