ጣሳና ጽዋ

ጣሳዬ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበረች። አፏን ሟቹ ባለቤቴ በመዶሻ እየዞረ ስላለሰለሰው እጅ አትቧጭርም። በይፋግ ገበያ ሩዝ፣ ጓያ፣ አልፎ አልፎም ጤፍ የምሰፍረው በእሷ ነው። ኩንታል ለሚገዛ ሚዛን አለ፤ ለልጆቹ ራት ለሚገዛ ግን ጣሳ ይበቃዋል። ባለፈው ዓመት በጥቅምት አጋማሽ አበልጄ ቤቴ ድረስ መጡ። ቡና አፈላሁ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ አወራን። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና «አበልጄ፣ ጣሳዎን ምን ነካት?» አሉኝ።

ከእኔ ሦስት ጣሳ ብለው የወሰዱት ሩዝ በቤታቸው ጣሳ ሲሰፈር ሁለት ተኩል ሆኖባቸዋል። ጣሳዬን አምጥቼ ገለበጥኳት። ቂጧ ወደ ውስጥ ገብቷል። ወድቃ የተጨፈለቀች አይደለችም፤ አንድ ሰው በመዶሻ ከሥር መትቷት እንደ አክንባሎ ጉብ ብላለች። ሰውየው ልጄ ነው። ባሕር ዳር ሥራ ፈልጎ ሲያጣ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ የሚሰፍርልኝ እሱ ነበር። ሦስት ገበያ ሙሉ በጎበጠ ጣሳ ሸጠናል ማለት ነው።

ይፋግን ለማያውቅ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ወረታ ታልፎ፣ የርብ ወንዝ ተሻግሮ፣ አዲስ ዘመን ሳይደረስ የምትገኝ በሊቦ ከምከም ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ዛሬ መኪናው ሽው ብሎ ያልፋታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ከበጌምድር ስመ ጥር ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር በረሃ የወጣው አሞሌ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ እዚህ ይደርሳል፤ የጎረቤታችን የደሪጣ ሙስሊም ነጋዴዎችም ወጪ ወራጅ ነበሩ። አባቴ ስለዚያ ገበያ ከአያቱ የሰማውን ሲያወራ ስለ ብሩም ስለ ጨዉም ብዙ አይልም። የሚያወራው ስለ እማኝ ነበር። ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ገበያው የሚያድረው «እገሌ ሲሰጠው አይቻለሁ» በሚል ሰው ቃል ነው።

እማኝ የሚለው ቃል የወጣው «አመነ» ከሚለው ነው። አማኝም ከዚያው ነው፤ እምነትም ከዚያው። ዱቤ የወሰደውን ሰው ዛሬም «በእምነት ወሰደ» እንለዋለን። ቄሱ እንደነገሩኝ ደግሞ ሰማዕት በግእዝ መጀመሪያ ምስክር ማለት ነው። እኛ ሰማዕት ሲባል ስለ ሃይማኖቱ አንገቱን የሰጠውን ብቻ ነው የምናስበው። በእኔ ላይ ሰይፍ የመዘዘ የለም። እኔ የተያዝኩት በጣሳ ነው።

አበልጄ ስል ነገሩ ለከተማ አንባቢ ቀላል መስሎ እንዳይታይ። በቤተ ክርስቲያናችን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ክርስትና ያነሣል። እኚህ ሴት የመጨረሻ ልጄን ክርስትና አንሥተዋል፤ ለእሷ የክርስትና እናት፣ ለእኔ አበልጅ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሥጋ ዘመድ ሆነናል፤ ልጆቻችን አይጋቡም፣ ስንነጋገርም «አንቱ» እንባባላለን። እንግዲህ ግማሽ ጣሳ ሩዝ የጎደለው በገበያተኛ ላይ አይደለም፤ በዘመድ ላይ ነው። እሳቸውም ለዚህ ነው ገበያ መሀል ያላነሱት። ጮኸው ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ ባለፍኩት ነበር፤ ቡናዬን ጠጥተው ስለጠየቁኝ ግን ምላሴ ታሰረ።

ልጄን ጠየቅሁት። አልካደም። «እማ፣ ወፍጮው ይቆነጥራል፣ ደላላው ይቆነጥራል፣ ከተማ ያለው ነጋዴ ይቆነጥራል፤ ያንቺ ጣሳ ብቻ መላእክት የሰሩት ነው?» አለኝ። «ሁለት ወር ከአምስት ቀን ሥጋና ቅቤ ትተሽ ትጾሚያለሽ፣ ይህን ጉብታ እግዜር አይቶ ምን ይልሻል?» ሲልም ጨመረ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው ብዬ አረምኩት፤ የቀረውን ግን ወዲያው መመለስ አልቻልኩም።

የእሱን ነገር ለመረዳት ሩዙን ማወቅ ያስፈልጋል። የፎገራ ሜዳ ክረምት ክረምት ውሃ የሚተኛበት የከብት ግጦሽ ነበር። ሩዝ የገባው በ1970ዎቹ ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት በጅግናና በሻጋ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። እስከ ዛሬ በብዛት የሚዘራው ዘር «ኤክስ ጅግና» መባሉም ከዚያ ነው። ውሃ የተኛበት መሬት እህል ሰጠ፤ ሰዉም ሩዙን ነጭ ወርቅ አለው። ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላና አረቄም ይወጣዋል። ታዲያ አረሙ ያደክማል። በ12፣ በ21፣ በ27፣ በ29 እርሻ አይነካም፤ አረም ግን በዓል አያከብርም። ልጄ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ወገቡ ተቆርጦ አርሞ፣ ኅዳር ላይ ሰብስቦ፣ ወረታ መፈልፈያው ዘንድ ሲደርስ ዋጋው የሚቆረጥለት በሌላ ሰው አፍ ነው። በዚህ ላይ ቢናደድ አልፈርድበትም። የፈረድኩበት ንዴቱን በእኔ ጣሳ በኩል በደሃ ላይ በማውጣቱ ነው።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስግደት አዘዙኝና «ስግደቱ ግን ሩዙን አይመልስም» አሉ።

የሚካኤል ማኅበር አለን። አሥራ ሁለት ነን፤ በየወሩ በ12 በባለተራዋ ቤት እንሰበሰባለን። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ቄስ ይባርካሉ፣ የተቸገረ ካለ ይነሣል። መጨረሻ ላይ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጣል። የማኅበሩ መሪ ሙሴ ይባላሉ። ሕጉ አጭር ነው፦ የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋ አይቀምስም። ብዙ ሰው ማኅበር ሲባል ድግስ ይመስለዋል፤ አንዳንዱ ዘንድም እውነትም ድግስ ብቻ ሆኗል፣ በሬ ጥሎ መፎካከር መጥቷል። የእኛ እንደዚያ ያልሆነው ደግ ስለሆንን ሳይሆን በ1997 ዓ.ም. ስለተቀጣን ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት በወረዳችን አንድ ትኩሳት ገባ። ሰዉ ይመነምናል፣ ሆዱ ግን ይነፋል። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። በኋላ ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ደቃቅ ነፍሳት ስትነድፍ የምታስተላልፈው፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች መጥተው አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ተጀመረ። መርፌው ብዙ ቀን የሚወሰድ ስለነበር ታማሚው ብቻውን አይሄድም፤ የሚሸከመው፣ የሚያስታምመው፣ ቤቱንና ማሳውን የሚጠብቅለት ሰው ይሻል። ወንዶቹ ቃሬዛ ተሸከሙ። ሴቶቹ ለማኅበሩ ዳቦ ያዘጋጀነውን ዱቄት አጥሚት አደረግነው። ጽዋው ለወራት ያለ ድግስ በውሃ ብቻ ከቤት ቤት ዞረ። ሙሴያችን ዛሬም የተንዛዛ ድግስ ሲያዩ «የውሃው ጽዋ ተረሳ?» ይላሉ፤ አስተናጋጇ ታፍራለች።

ኅዳር 12 ቀን፣ በዓመታዊው ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰበሰብን። አበልጄ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ቄሱ እንደ ወትሮው «የተቀያየመ አለ?» ብለው ጠየቁ። ዝም ተባለ። ተነሣሁና «ጣሳዬ ጎድላለች» አልኩ።

ሙሴ ቀና አሉ። «ጣሳ ብቻዋን አትጎድልም» አሉኝ።

ልጄን መጥራት አፌ ላይ ደረሰ። እሱ ጎበዝ እንደሆነ፣ ሥራ እንዳጣ፣ የኔ ጥፋት እንዳልሆነ ልናገር ነበር። ግን የተረፈው ሩዝ የተበላው በእኔ ሞሰብ ነው። «ቤቴ ሰርቋል፤ የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ በላይ የተናገርኩት የለም። አንዲት ሴት ከጥግ «እኔም ሁለት ገበያ ገዝቻለሁ» አለች፤ ሳቅ ሆነ፣ እኔም እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ምስክርነት የሚለውን ቃል ወንጌላውያን ወገኖቻችን ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ እግዚአብሔር ያደረገለትን ሲናገር ይጠሩበታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ስለቱ የደረሰለት ጃንጥላ ወይም ጧፍ ይዞ መጥቶ በእልልታ ያስነግራል፤ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ሕዝብ ብዙው ለዚህ ነው። ሁለቱም የተቀበሉትን መናገር ነው። የወሰዱትን ቆሞ መናገር ግን እልልታ የለውም፤ ያን ቀን ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ነው ልዩነቱን ያወቅሁት።

መመለሱ ከመናገሩ ይልቅ አስቸገረኝ። የገዛውን ሁሉ በስም አላውቅም። ለማውቃቸው ግማሽ ግማሽ ጣሳ ይዤ በየቤታቸው ዞርኩ። አንዷ «ለዚህ ብለሽ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ፤ አንዱ ሽማግሌ ቆጥረው ተቀብለው «አንድ ገበያ ይቀራል» አሉኝ፣ ልክ ነበሩ። የቀን ሠራተኞች ከእኔ ገዝተው ወደ መተማ ሄደዋል፤ የእነሱን ድርሻ በቄሱ ምክር ለአብነት ተማሪዎች አጥሚት እንዲሆን ሰጠሁ። የተማሪዎቹ ቁራሽ መለመኛ አኩፋዳ ባዶ በነበረበት ሳምንት ስለሆነ ደስ ብሏቸዋል፤ መተማ ያሉት ደስ ይበላቸው አይበላቸው ግን አላውቅም።

ልጄ እስከ ገና ድረስ አላናገረኝም፤ በማኅበር ፊት አዋረድሽኝ ብሎ ነው፤ ስሙን አለመጥራቴን አልቆጠረልኝም። አንድ ማታ ግን ጓሮ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ጣሳዋን ግንድ ላይ አስቀምጦ ቂጧን ከውስጥ ወደ ውጭ ይመታል። ጉብታው ተቃናላት፤ በዳር በኩል ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጣባት። ሩዝ አታፈስም፤ ጓያም አታፈስም። ጤፍ ግን ታፈሳለች፤ ስለዚህ ጤፍ የሚገዙኝን በጎረቤቴ ጣሳ ነው የምሰፍርላቸው።