ከጂቡቲ የተሳፈሩ ቃላት

በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ወደብ ሥራው የተጀመረው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከዕቃውና ከመንገደኛው ጋር ቃላትንም ጭኖ ነበር። «ባቡር» የሚለው ስም ራሱ እንፋሎት ማለት ከሆነው ከፈረንሳይኛው «ቫፐር» ወጥቶ በዐረብኛ በኩል የደረሰን ነው። «ፉርጎ»ም «ፉርጎን» ከሚለው የመጣ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን «ለገሀር» ነው። ፈረንሳዮች ጣቢያውን «ላ ጋር» ሲሉ የሰማው ሕዝብ ቃሉን ለአንደበቱ አመቻችቶ የሰፈር ስም አደረገው። ስለዚህ «ለገሀር ባቡር ጣቢያ» የሚል ሰው ጣቢያን ሁለት ጊዜ መጥራቱን ልብ አይልም።

ይህን የቋንቋ ብልሽት ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ አንስማማም። የእንግሊዝ ወታደርም በህንድ ሳለ የባዕድ አገር ለሆነ ነገር የሚነገረውን «ቢላየቲ» የተባለ ቃል ሰምቶ፣ «ብላይቲ» እያለ የገዛ አገሩን ጠርቶበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነትማ በምሽግ ውስጥ ሳለ ወደ አገሩ የሚያስመልሰውን ቁስል ሳይቀር በዚሁ ስም ይጠራው ነበር።

በጥር 2009 ዓ.ም. በጂቡቲ የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መቆሚያው ናጋድ ነው፤ አዲስ አበባም ሲገባ ለገሀር አይደርስም። የታክሲ ረዳቶች ግን «ለገሀር! ለገሀር!» እያሉ ይጣራሉ።