ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ አሠራርና አጠባበቅ

በጁባ ከተማ ከሚመላለሱት አነስተኛ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ በጃፓን አገር ካገለገሉ በኋላ በሞምባሳ ወደብና በዑጋንዳ በኩል የገቡ ናቸው፡፡ ከእነዚህም መካከል ፍሪሲዮን የማይረገጥባቸው፣ ማርሻቸው በራሱ የሚለዋወጥ በርካታ ናቸው፡፡ ለመንዳት ቀላል ስለ ሆኑ ሕዝቡ ወዷቸዋል፤ ነገር ግን ካምቢዮው ሲበላሽ የሚጠይቀው ወጪ አንዳንድ ጊዜ የአሮጌውን መኪና ዋጋ ስለሚቃረብ፣ አሠራሩን ማወቅ ለባለንብረቱም፣ የመንግሥት መኪና ለተረከበው ሹምም ጠቃሚ ነው፡፡

ነገሩ አዲስ አይደለም፡፡ መሠረቱ ሔርማን ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. ለመርከብ የፈጠረው መሣሪያ ነው፤ በ1940 ሞዴል ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ አውቶማቲክ ካምቢዮን በኦልድስሞቢል መኪናዎች ላይ አግብቶ በብዛት ለገበያ አቀረበ፡፡

ሁለት ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ቆመው አንደኛው በኤሌክትሪክ ቢዞር፣ ነፋሱ ሁለተኛውን ያዞረዋል፡፡ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ባለው ክብ ዕቃ ውስጥ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞረውም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ ያው ዘይት በፓምፕ እየተገፋ የውስጡን የፍሪሲዮን ሸራዎች ጨብጦ ማርሽ ይለውጣል፤ ጥርሶቹን ያለሰልሳል፤ ሙቀቱንም ተሸክሞ ይወጣል፡፡

የዚህ ካምቢዮ ዋና ጠላት ሙቀት ነው፡፡ ዘይቱ ከልክ በላይ ሲግል ኃይሉን ያጣል፤ ሸራዎቹም ተንሸራተው ይቃጠላሉ፡፡ በብዙዎቹ መኪናዎች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቧንቧ ሲሆን፣ ይህን ብዙ ባለመኪና አያውቀውም፡፡ በየካቲት ወር የጁባ ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ሲደርስ፣ ውሃ የጎደለበት ሾፌር ያገኘውን የቦቴ ወይም የወንዝ ውሃ ይጨምራል፡፡ ለአንድ ቀን ችግር ይህ አያስወቅስም፤ ልማድ ሲሆን ግን ራዲያተሩ በደለልና በዝገት ይደፈናል፤ የውስጡም ቧንቧ ከተበሳ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ፡፡ ዘይቱ ሮዝ ቀለም እንዳለው ወተት ሆኖ ከታየ መኪናው ከቆመበት መነዳት የለበትም፡፡ ኩላንት ከንጹሕ ውሃ ጋር አዋሕዶ መሙላት ከካምቢዮ ለውጥ እጅግ የረከሰ ነው፡፡

ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው የዝናብ ጊዜ ደግሞ ጭቃው ሌላ ፈተና ነው፡፡ መኪናው ሲያዝ ጎማውን በከንቱ ማሽከርከር፣ ወይም ማርሹን በፍጥነት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማመላለስ፣ ዘይቱን በጥቂት ደቂቃ ያግላል፡፡ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ቅርንጫፍ ማስገባት፣ ይልቁንም ሰው ጠርቶ ማስገፋት ይሻላል፡፡

ዘይቱን ለመመርመር መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ካምቢዮው ሞቆ፣ የመለኪያው ዘንግ ይመዘዛል፡፡ በአብዛኛው ሞተሩ እየሠራ ነው የሚለካው፤ በሆንዳ ግን ሞተሩ ጠፍቶ ነው፡፡ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት አደጋን ያመለክታል፡፡ የመለኪያ ዘንግ የሌላቸውም አሉና እነዚህን የሚመረምራቸው መካኒክ ነው፡፡ ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ መስሎ የሚታያቸው ይሳሳታሉ፤ ቶዮታ እንኳ ቲ-ፎር እና ደብሊው-ኤስ የሚባሉትን ለየብቻ ያዝዛል፡፡ ስለዚህ ዘይት ከመግዛት በፊት የመኪናውን መጽሐፍ ማየት ይገባል፡፡

መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም ማርሹን ወደ ፒ ወይም ወደ አር ማስገባት አይፈቀድም፡፡ በዳገት ሲቆም አስቀድሞ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ቀጥሎ ወደ ፒ ይገባል፡፡

በ2012 አስፋልቱ በተጠናቀቀው፣ 192 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የጁባና የኒሙሌ መንገድ ላይ መኪና ቢበላሽ፣ በገመድ አስሮ ወደ ከተማ መጎተት የተለመደ ነው፡፡ ለአውቶማቲክ ግን ይህ ጥፋት ነው፤ ሞተሩ ካልሠራ ፓምፑ ዘይት አይገፋምና፣ ጎማው ሲዞር የካምቢዮው ውስጥ ደርቆ ይፋጫል፡፡ በጭነት መኪና ላይ መጫን፣ ይህ ካልተገኘ ሞተሩ የሚያዞራቸውን ጎማዎች ከመሬት አንሥቶ መጎተት ያስፈልጋል፤ አራቱም ጎማዎች በሞተር የሚዞሩ ከሆነ አራቱም ይነሣሉ፡፡